ስኳር ላለበት ድመት ምግቡንና ኢንሱሊኑን በሰዓት ማስያዝ

ድመታችሁ ስኳር እንዳለበት ተነግሯችሁ ኢንሱሊን ይዛችሁ ከሐኪም ቤት ከወጣችሁ፣ መጀመሪያ የምትወስኑት ሰዓቱን ነው። መርፌው ይለመዳል፤ እጅ ቶሎ ይፈታል። ሰዓቱ ግን የቤቱን ሰው ሁሉ ኑሮ ስለሚነካ ቀደም ተብሎ መታሰብ አለበት።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው፤ ስኳር ያለባቸው ብዙ ናቸው። ድመቴ ቡላ ይባላል። የተኮላሸ ወንድ ነው፣ ወፍራምም ነበር። የድመት ስኳር ብዙ ጊዜ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው፦ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ የተኮላሸ፣ ክብደት የጨመረ ወንድ። ውሃ ማብዛት፣ አሸዋውን ቶሎ ቶሎ ማርጠብ፣ ደህና እየበሉ መክሳት ምልክቶቹ ናቸው።

ከሰው የምናውቀውን ልማድ ግን እንዳለ ወደ ድመት መውሰድ አይቻልም። ሰው ሊበላ ሲል የሚወጋው ፈጣን ኢንሱሊን አለ፤ መጠኑም እንደሚበላው ይለያያል። ድመት ሥጋ በል ነው። እንደ እንጀራና ዳቦ ባሉት ውስጥ ያለው ስታርች የሌለበት ምግብ ከበላ ስኳሩ እንደኛ ከማዕድ በኋላ ወዲያው አይጨምርም። ስለዚህ ለድመት የሚታዘዙት ኢንሱሊኖች ቀስ ብለው ለረጅም ሰዓት የሚሠሩ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም በየ12 ሰዓቱ ይሰጣሉ። መርፌው የሚሄደው በሰዓት ነው። የምግቡ ሳህን ደግሞ መርፌው ዛሬ ይሰጥ ወይስ ይቆይ የሚለውን ይነግራችኋል። ሁለቱ ከተጋጩ ሳህኑን እመኑ።

ሰዓት ስትመርጡ

የሚመቻችሁን ቀን ሳይሆን በጣም የምትጣደፉበትን ቀን አስቡ። እኔ ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ጠዋት ለሥራ ከመውጣቴ በፊት ነው፤ ማታ ደግሞ ትራፊኩ ቢይዘኝም እደርሳለሁ። ስቅለት ቀኑን ሙሉ ስግደት ላይ ብሆንም ሁለቱም ሰዓት ቤት ያገኘኛል። ፈረቃችሁ የሚቀያየር ከሆነ ከቤት ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ አንዱን ሰዓት አንዱ ይያዘው።

ግማሽ ሰዓት ወዲህ ወዲያ ቢል አትጨነቁ። ከዚያ ሲያልፍ ግን ማስቀደም ከማዘግየት ይብሳል። የፊተኛው መርፌ ኃይሉ ሳያልቅ የኋለኛው ይደረብበታልና። "ዛሬ በጊዜ ስለምወጣ 10 ሰዓት ላይ ልውጋው" ብሎ ነገር የለም።

ሰዓቱን ስትጽፉ በአንድ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከኛ ጋር በተቀመጠችበት ወቅት ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው የቡላ ሐኪም ወረቀት "7" ይላል። ለእናቴ 7 ሰዓት የምሳ ሰዓት ነው። ወረቀቱን አንስቼ በአማርኛ "ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት" ብዬ ለጠፍኩት። እንግዳ በሚበዛበት የሐበሻ ቤት ይሄ የግድ ነው።

የያዛችሁት ኢንሱሊን የትኛው ነው?

የምግቡ ሰዓት የሚወሰነው በኢንሱሊኑ ዓይነት ስለሆነ ብልቃጡን አንብቡ። ቬትሱሊን፣ በሌላ አገር ካኒንሱሊን የሚባለው፣ ቶሎ ሥራ ይጀምራል። ስለዚህ ምግቡና መርፌው መራራቅ የለባቸውም፤ እየበላ ወይም በልቶ እንደጨረሰ ይወጋል። ግላርጂን፣ ማለትም ላንተስ፣ ቀስ ብሎ የሚነሳ ነው። ቀኑን ሙሉ እየቀማመሰ የሚውል ድመት ቢሆንም አብሮት ይሄዳል። ፕሮዚንክም በየ12 ሰዓቱ ነው፤ ምግቡን ከመርፌው ጋር ወይም ወዲያው ከመርፌው በፊት መስጠት ይለመዳል።

አያያዛቸውም ይለያያል። ቬትሱሊን ወተት እስኪመስል ይናጣል። ፕሮዚንክ አይናጥም፤ በመዳፍ መካከል ቀስ ብሎ ይንከባለላል። ግላርጂን እንደ ውሃ የጠራ መሆን አለበት፤ ከደፈረሰ ይጣላል። ሁሉም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣሉ። በረዶ የነካው ግን ከእንግዲህ አይሠራም።

አሁን የምለውን እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት። ቬትሱሊንና ፕሮዚንክ ዩ-40 ናቸው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት አላቸው ማለት ነው። ላንተስ ዩ-100 ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት። ሲሪንጃቸውም የተለያየ ነው፤ የዩ-40 ክዳኑ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ የዩ-100 ብርቱካናማ ነው። ላንተስን በዩ-40 ሲሪንጅ ከቀዳችሁ ድመቱ የሚገባውን 2.5 እጥፍ ነው የምትወጉት። ይሄ ይገድላል። ቤት ውስጥ ለራሱ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ካለ የሰውየውና የድመቱ ሲሪንጅ በአንድ መሳቢያ አይቀመጥ።

ከአዲስ አበባ የሚጠይቁኝም አሉ። ፋርማሲ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሰው ኢንሱሊን ኤን ፒ ኤች ወይም ድብልቁ ነው። ኤን ፒ ኤች በድመት ሰውነት ውስጥ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ስለዚህ ከዘመድ ብልቃጥ ቀድታችሁ አትጀምሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው፤ ወደዚያ ወይም ትንንሽ እንስሳትን ወደሚያክም ሐኪም ደውላችሁ የትኛው ኢንሱሊን እንደሚገኝና እንደሚሻል ጠይቁ።

አንድ ማታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

11 ሰዓት ላይ ሳህኑን አነሳለሁ። ከመለካቱ በፊት ሁለት ሰዓት ያህል ምንም ካልቀመሰ የማየው ቁጥር የምግብ ቁጥር አይሆንም።

ለ1 ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው እለካዋለሁ። ካልሲ ውስጥ ሩዝ ጨምሬ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለብ አደርግና ጆሮው ላይ አስደግፈዋለሁ። ጆሮ ከቀዘቀዘ ደም አይሰጥም። ዳር ዳሩን የምትሄደው ቀጭን የደም ሥር አጠገብ፣ ከኋላ ጥጥ ደግፌ፣ ጠቅ አደርገዋለሁ። ጠብታዋ የሰሊጥ ፍሬ ብታክል ትበቃለች። ከዚያ ዶሮ ይቀምሳል፤ ተለክቶ ዶሮ የሚያገኝ ድመት ሰዓቱ ሲደርስ ራሱ ይመጣል።

መለኪያውን በተመለከተ፦ የሰው የስኳር መለኪያ በድመት ደም ላይ ብዙ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። እንደ አልፋትራክ ያለው ለእንስሳት ተብሎ የተሠራ ነው። የትኛውንም ብትይዙ ያው አንዱን ብቻ ተጠቀሙ፤ ሐኪማችሁም የትኛው እንደሆነ ይወቅ። የሁለት መለኪያ ቁጥር አይነጻጸርም። ሐኪም ቤት የሚለካው ቁጥርም አያስደንግጣችሁ። የፈራ ድመት ስኳሩ ከፍርሃቱ ብቻ ሽቅብ ይወጣል። እውነተኛው ቁጥር ሶፋው ላይ ተኝቶ የተለካው ነው።

ሐኪሜ ስንጀምር "ከ200 በታች ካየሽ ሳትደውዪልኝ እንዳትወጊ" ብላኛለች። እናንተም ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ ያለ የማይታለፍ ቁጥር ጠይቁና በጽሑፍ ያዙ። መጠኑን ራሳችሁ አትወስኑ። ብዙ ድመቶች በ1 ዩኒት አካባቢ ነው የሚጀምሩት፤ ከዚያ ላይ የሚጨመረውም የሚቀነሰውም በጥቂቱ ነው።

ቁጥሩ ደህና ከሆነ ምግቡን አቀርባለሁ። ከፊሉን እስኪበላ አየዋለሁ፤ ስልኬን አልነካም። የላንተስ አንድ ዩኒት 0.01 ሚሊ ሊትር ናት። ትንሽ የአየር አረፋ ከገባች መጠኑ ይጎድላል። ስለዚህ የግማሽ ዩኒት መስመር ያለው ቀጭኑ የ0.3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይሻላል። መብራት ስር ቆማችሁ ቅዱ።

የምወጋው ጎኑ ላይ ነው። ማጅራት ላይ መውጋት የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ሐኪሞች አሁን ጎንና የሆድ ዳርን ይመርጣሉ። ቆዳውን በሁለት ጣት አነሳለሁ፣ ድንኳን ይሠራል፣ መርፌው በድንኳኑ ሥር ይገባል። ዛሬ ቀኝ ከሆነ ነገ ግራ። ቡላ አንገቱን እንኳ ከሳህኑ አያነሳም። ስጨርስ ፀጉሩን በጣቴ እዳስሳለሁ፣ አሸትተዋለሁ። ከረጠበና የሐኪም ቤት ሽታ ካለው መርፌው በሌላኛው በኩል ወጥቶ መድኃኒቱ ፈሷል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ድጋሚ አይወጋም። ስንቱ እንደገባ አይታወቅማ። "ፈሷል" ብላችሁ ጻፉና እስከሚቀጥለው ሰዓት ጠብቁ።

ወረቀቱ ላይ አምስት ነገር ይጻፋል፦ ሰዓቱ፣ ቁጥሩ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ስንት ዩኒት፣ ማን እንደወጋው። የመጨረሻዋ ዋና ናት። ባል ወግቶ ወጥቶ ሚስት ሳታውቅ ብትደግም ድመቱ ለአደጋ ይጋለጣል። እኛ ቤት "ወጋኸው?" ተብሎ አይጠየቅም፤ ወረቀቱ ይታያል።

ከመርፌ እስከ መርፌ

ስኳሩ በጣም የሚወርድበት ሰዓት አለ። በቬትሱሊን ቀደም ይላል፣ ከተወጋ ከ4 ሰዓት ገደማ በኋላ። በግላርጂንና በፕሮዚንክ ከተወጋ በኋላ ወደ 6 ሰዓት ይጠጋል። ከድመት ድመት ግን ይለያያል። ስለዚህ ዕረፍት በሆናችሁበት ቀን በየሁለት ሰዓቱ ለክታችሁ የራሳችሁን ድመት ዝቅተኛ ሰዓት እወቁ። ይህን ሰንጠረዥ ለሐኪማችሁ ስትሰጧት መጠኑን በግምት አትሠራም።

በዚያ ሰዓት አካባቢ ትንሽ መክሰስ መስጠት ጥሩ ነው። ከቀኑ ድርሻ ላይ ተቀንሶ ይሁን እንጂ ተጨማሪ አይሁን፤ ክብደቱ ጠላቱ ነውና። ቤት ካልዋላችሁ በሰዓት የሚከፈት የምግብ ሳህን ይሸጣል፤ በረዶ ከስሩ የሚቀመጥለትን ካገኛችሁ እርጥቡ ምግብ አይበላሽም። የትንሣኤ ሌሊት እኔ ቤተ ክርስቲያን ነኝ፣ ቡላ ብቻውን ነው። ማታ 1 ሰዓት ወግቼው ሳህኑን ለሌሊቱ 7 ሰዓት ሞልቼ ነው የምሄደው።

ካልበላስ?

ካልበላ አይወጋም፤ መጀመሪያ ይደወላል። ምግቡን ለብ አድርጉት፣ ትንሽ የቱና ውሃ ጠብ አድርጉበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁት። ግማሹን ብቻ ከበላ ምን ላድርግ የሚለውን ጥያቄ በደህናው ቀን ለሐኪማችሁ አቅርቡና መልሱን ፍሪጁ ላይ ለጥፉ። ማታ ክሊኒኩ ተዘግቶ፣ ሲሪንጅ ይዞ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም። ተወግቶ ወዲያው ካስመለሰ ደግሞ አጠገቡ ሁኑ፣ እየደጋገማችሁ ለኩት፣ ደውሉ።

ቀኑን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ፣ በዚያ ላይ ካስመለሰና ከደከመ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ኢንሱሊን ያጣ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምርና ከስቡ የሚወጣው ኪቶን የሚባል ነገር ደሙን ይመርዘዋል። ወፍራም ድመት ሲጾም ደግሞ ጉበቱም ይጎዳል።

ሰዓቱ ካለፈባችሁ የቀረው ቀረ። በሚቀጥለው ሰዓት እጥፍ አድርጋችሁ አታካክሱ። ወግቸዋለሁ አልወጋሁትም ብላችሁ ከተጠራጠራችሁም እንደተወጋ ቁጠሩት። አንድ መርፌ የቀረበት ድመት ውሃ ያበዛል፣ ይሸናል፤ እስከ ጠዋት ይቆያል። ሁለት ጊዜ የተወጋ ግን እስከ ጠዋት ላይቆይ ይችላል። ሁለቴ መወጋቱን ካወቃችሁ ምልክት አትጠብቁ፤ አብሉትና ወዲያው ለድንገተኛ ደውሉ።

ስኳሩ ሲወርድ እንዲህ ይሆናል፦ ይንገዳገዳል፣ የኋላ እግሩ ይዝላል፣ ድንገት ይርበዋል ወይም ይደበቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲብስ ይንዘፈዘፋል። መዋጥ ከቻለ ያለውን ምግብ ስጡት። ካልበላ ማር በጣታችሁ ድዱ ላይ ቀቡ። እየተንዘፈዘፈ ከሆነ አፉ ውስጥ ምንም አታፍስሱ፣ ይታነቃል፤ ጣታችሁንም ይነክሳል። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን ቀብታችሁ ወደ ሐኪም ቤት ንዱ። ቢነቃም ሂዱ፤ ማሩ ያልቃል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና እየሠራ ነው። እኔ አንድ ትንሽ ብልቃጥ ማር ከሲሪንጁ አጠገብ አስቀምጫለሁ። ለሌላ ነገር አትነካም።

ከማዕዳችን

ከገበታ አታቅምሱት። ወጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው፤ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ፣ ስኳር ኖረበትም አልኖረበትም። እንጀራና ዳቦ ደግሞ ስኳሩን ይጨምራሉ። ዶሮ ከሆነ ቅመም ሳይነካው ለብቻው የተቀቀለ። ቤቱ ጾም ቢሆንም ድመቱ አይጾምም። በዐቢይ ጾም ሥጋ ቤት ውስጥ ባይገባም የቡላ የታሸገ ምግብ ቀድሞ ይገዛል።

ደረቁ የድመት ምግብ ብዙውን ጊዜ ስታርች የበዛበት ነው። ስታርች ያነሰበት የታሸገ እርጥብ ምግብ ለስኳር ይሻላል። ነገር ግን በአንድ ቀን ገልብጣችሁ አትቀይሩ። ስታርቹ ሲቀንስ ስኳሩ ይወርዳል። ኢንሱሊኑ እንደ በፊቱ ከቀጠለ ይበዛበታል። መቀየር ስትፈልጉ መጀመሪያ ለሐኪሟ ንገሩ፣ ቀስ ብላችሁ ቀይሩ፣ በእነዚያ ቀናት አብዝታችሁ ለኩ።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ሌላ ነገር አለ። ሰዓት ሲቀየር ድመቱ አያውቅም። እዚህ አሜሪካ በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ነው የሚቀየረው። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት በእያንዳንዱ መርፌ 15 ደቂቃ አሸጋሽጉ፤ አራት መርፌ ላይ አንድ ሰዓቱ ይሞላል። ለማርች እያስቀደማችሁ፣ ለኖቬምበር እያዘገያችሁ። ምግቡም አብሮ ይሸጋሸጋል።

ስለ ክኒኑ ለምትጠይቁ፦ በ2022 መጨረሻ ቤክሳካት የሚባል ክኒን፣ በ2023 ደግሞ ሴንቬልጎ የሚባል በአፍ የሚሰጥ ፈሳሽ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅደዋል። የተፈቀዱት ግን ከስኳሩ በቀር ደህና ለሆነና ኢንሱሊን ወስዶ ለማያውቅ ድመት ነው። ኢንሱሊን የጀመረውን በራሳችሁ ወደዚያ አታዙሩት።

ደስ የሚለው ነገር፣ ድመት ከሰው በተለየ ብዙ ጊዜ ከኢንሱሊን ሊላቀቅ ይችላል። ቶሎ ከተጀመረ፣ ምግቡ ከተስተካከለ፣ ክብደቱ ቀስ እያለ ከወረደ ቆሽቱ ያገግማል። ይህ ሲመጣ የሚታየው ወረቀቱ ላይ ነው። ከመርፌው በፊት ያለው ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ዝቅ እያለ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የለመዳችሁትን መጠን ዝም ብላችሁ መቀጠል አደገኛ ነው፤ ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሟ ላኩ፣ እሷ ትቀንስ። መርፌው ቆሞም ቢሆን ያው ምግብ ይቀጥላል፣ አልፎ አልፎ ይለካል፣ በየወሩ ይመዘናል። ለማሳከክም ሆነ ለሌላ በሽታ ስቴሮይድ ሊታዘዝለት ከሆነ ደግሞ "ስኳር ነበረበት" ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፤ ስቴሮይድ ስኳሩን መልሶ ያመጣዋል።